“ሆነ” እና “ነበረ”፦ ስለ አየር ሁኔታና ስለ አየር ንብረት ለጂኦግራፊ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ? የጂኦግራፊ ክበባችሁ ባዘጋጀው በዚህ ስብሰባ ላይ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ፣ ድምፄ ይደርሳችኋል? ጥሩ። እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሰሌዳውን ማየት ይኖርባችኋል።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ረዳት እፈልጋለሁ። ከፊት የተቀመጥሽው፣ አዎ አንቺ፣ ነይ እስቲ። ይሄ የብረት ኩባያ ነው። እስከ ግማሹ የቧንቧ ውሃ አለው። ቴርሞሜትር ነክረንበታል። በዚህ ሳህን ላይ ደግሞ የተሰባበረ በረዶ አለ። ትንሽ ትንሽ እየጨመርሽ ቀስ ብለሽ አማስዪው። ዓይንሽን ከኩባያው የውጭ ግድግዳ ላይ አትንቀዪ። ውጪው ላይ ላብ መሳይ ነገር ልክ ስታዪ ቴርሞሜትሩን አንብቢና ወረቀቱ ላይ ጻፊው። ለማንም እንዳትነግሪ። ሲደርስ እጠይቅሻለሁ።

እሷ ሥራዋን ትሥራ፣ እኛ እንቀጥል።

እኔ እንደ እናንተ ተማሪ ሳለሁ “አንጻራዊ እርጥበት” የሚለውን ቃል ትርጉም እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤው ነበር። ፈተና ላይ መጣ። ጻፍኩ። ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። በሳምንቱ መምህራችን ጠዋት ሣር ላይ አቆሙንና፣ “ሌሊቱን ዝናብ አልዘነበም። ታዲያ ይህ ሁሉ ጤዛ ከየት መጣ?” ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ዝም። እኔም ዝም። መልሱ ያ በቃሌ የያዝኩት ትርጉም ውስጥ ነበር። ጫማዬ በጤዛ ርሶ፣ ትርጉሙን በልቤ እየደጋገምኩ፣ ሁለቱን ማገናኘት አቃተኝ።

ያን ቀን አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ለተማሪዎቼ ስደጋግመው የኖርኩትን ነው ዛሬም የምነግራችሁ። እያንዳንዱ የአየር ሁኔታ ቃል ከጀርባው የሚለካ ነገር አለው። አንድ ሰው ወጥቶ አይቶታል፣ ነክቶታል፣ ቆጥሮታል። ስለዚህ አዲስ ቃል ሲገጥማችሁ “ምን ማለት ነው?” ብላችሁ አታቁሙ። “በምን ይለካል? የት ይለካል? ለምን ያህል ጊዜ?” ብላችሁ ቀጥሉ። በምን? የት? ለምን ያህል ጊዜ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ።

አምስት ነጥቦች አሉኝ። አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ፣ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ።

የመጀመሪያው ነጥቤ የሁሉም መሠረት ነው። የአየር ሁኔታ እና የአየር ንብረት። ስንቶቻችሁ ናችሁ ሁለቱን የምታደባልቁ? አትፈሩ፣ ጋዜጦችም ያደባልቋቸዋል።

እስቲ ቃላቱን ራሳቸውን እንያቸው። “ሁኔታ” የመጣው “ሆነ” ከሚለው ግስ ነው። “ንብረት” ደግሞ “ነበረ” ከሚለው። ቋንቋችን ልዩነቱን አስቀድሞ አበጅቶልናል ማለት ነው! ዛሬ የሆነው የአየር ሁኔታ ነው። ሲኖር የነበረው የአየር ንብረት ነው። ዛሬ ከሰዓት ዘነበ፣ ነፋሱ በረታ፣ ደመናው ተገፈፈ። ይህ ሁሉ ሁኔታ ነው። በአንድ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቀን ከባቢ አየሩ ምን ሆነ? ንብረት ግን ረጅም ዕድሜ ይፈልጋል። በዚያ ቦታ፣ በዚህ ወር፣ ለብዙ ዓመታት ምን ሲሆን ነበረ?

ብዙ ዓመታት ስንል ስንት? የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ልኩን አስቀምጦታል። 30 ዓመት ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው መነሻ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በየ10 ዓመቱ ይታደሳል። “የዚህ ወር ዝናብ ከመደበኛው በታች ነው” ሲባል ከሰማችሁ፣ “መደበኛ” የተባለው የእነዚያ 30 ዓመታት አማካይ መሆኑን ልብ በሉ።

አንድ ጠዋት ብርዱ ጥርስ ሲያንገጫግጭ አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣ። “መምህር፣ ዓለም እየሞቀች ነው ብለውን አልነበር?” አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄውን ወደድኩት። ምክንያቱም ከዚያ የተሻለ መግቢያ አላገኝም ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። በአንዱ “ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ ክፍል” ብዬ ጻፍኩ። በሌላው “መላው ምድር፣ ከመቶ ዓመት በላይ”። ከዚያ “ያንተ ብርድ የቱ ዓምድ ውስጥ ይገባል?” አልኩት። ራሱ መጥቶ ጻፈው። የምድር ወለል አማካይ የሙቀት መጠን ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው ጋር ሲነጻጸር በ2011 እና በ2020 መካከል 1.1 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ይህን የምናውቀው በምድር ሁሉ የተለኩ ብዙ ሺህ ጠዋቶች ተደምረው ነው። የአንድ ጠዋት ብርድ ብቻውን አይሽረውም። የአንድ ቀን ሐሩርም ብቻውን አያረጋግጠውም። ይህን ሁለተኛውን በተለይ አደራ! ሙቀት በበረታ ቁጥር “ይኸው የአየር ንብረት ለውጥ!” ማለት ያው ስህተት ነው፣ ፊቱን አዙሮ ነው እንጂ።

ከዚህ ነጥብ ሳልወጣ አንድ ማስጠንቀቂያ። የአየር ንብረት ማለት አማካይ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትቀሩ። በሳይቤሪያ ቬርኾያንስክ የሚባል ከተማ አለ። በ1892 ከዜሮ በታች 67.8 ዲግሪ ተለክቶበታል። በዚያው ከተማ ጁን 20 ቀን 2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ 38 ዲግሪ ተለካ። በሁለቱ መካከል ከ105 ዲግሪ በላይ አለ! የዓመቱን አማካይ ብቻ ብነግራችሁ ስለዚያ ከተማ ምን አወቃችሁ? የብርዱን ወራት የሚተርፈውን ዛፍ፣ የቤቱን ግድግዳ ውፍረት፣ ምንም። ንብረት አማካዩን፣ ከፍተኛውን፣ ዝቅተኛውን፣ የሚደጋገምበትንም መጠን ይጨምራል።

ሁለተኛው ነጥቤ የሙቀት መጠን ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ቴርሞሜትር ያዝ፣ አንብብ፣ አለቀ።

አንድ ጊዜ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ግቢ ለክተው መጡ። አንዱ 41፣ ሌላው 27። ሊጣሉ ደረሱ። ቴርሞሜትሮቹን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፣ እኩል አነበቡ። ስለዚህ መሣሪያው ደህና ነው። ታዲያ? የመጀመሪያው ተማሪ ቴርሞሜትሩን ፀሐይ የመታው ግንብ ላይ አስደግፎት ነበር። የለካው አየሩን ሳይሆን ግንቡንና ፀሐይ ያገኘችውን የቴርሞሜትሩን ብርጭቆ ነው። ሁለተኛው ጥላ ሥር ይዞት ቆሟል።

“የት ይለካል?” የሚለው ጥያቄ ጥቅሙ እዚህ ነው። የአየር ሙቀት በጥላ ይለካል፣ አየር እንደ ልብ በሚያልፍበት፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ። በሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ግቢ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጎኖቹ እንደ መስኮት ሰሌዳ የተሰነጣጠቁ፣ በእግር የቆመ ሣጥን አይታችኋል? የስቲቨንሰን ሣጥን ይባላል። ነጭ የሆነው ፀሐይን እንዲመልስ ነው። ስንጥቁ አየር እንዲያሳልፍ ነው። እያንዳንዱ ነገሩ ምክንያት አለው።

የቀኑ ሙቀት መቼ ነው ጫፍ የሚደርሰው? እኩለ ቀን ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፣ ብዙ ናችሁ። ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው እኩለ ቀን ነው፣ እውነት ነው። ግን አየሩን በአብዛኛው የምታሞቀው ፀሐይ በቀጥታ አይደለችም። ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ መሬቱ አየሩን ያሞቃል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ጫፉ ከእኩለ ቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ይመጣል። በተቃራኒው ዋናው ብርድ እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም። መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ሲያፈስ ያድራል፣ ስለዚህ ንጋት ላይ ነው። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት የቀን የሙቀት ልዩነት ይባላል። ደመና ባለበት ይጠብባል፣ በበረሃ ይሰፋል።

ስለ ወቅቶችም አንድ ነገር ልበል። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው መቼ ነው? በጃንዋሪ መጀመሪያ! ያኔ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በጁላይ መጀመሪያ 152 ሚሊዮን ገደማ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ግን ጃንዋሪ የብርድ ወር ነው። ስለዚህ ወቅትን የሚያመጣው ቅርበት አይደለም። የምድር ዛቢያ 23.5 ዲግሪ ማዘንበሉ ነው። ወደ ፀሐይ ያዘነበለው ወገን ፀሐይን ቀጥ ብላ ያገኛታል፣ ቀኑም ይረዝማል።

እዚህ ላይ ስለ “ክረምት” እና ስለ “በጋ” ተጠንቀቁ። በአማርኛ ክረምት ስንል ጆሯችን ዝናብ ይሰማል። የሌላ አገር ክረምት በመጽሐፍ ስታነቡ ግን ብርድ ነው፣ አንዳንዴም የዓመቱ ደረቅ ጊዜ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ የሙቀቱ መጠን ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። ወቅትን የሚለየው ዝናብ ነው። ወደ ዋልታዎቹ ስትሄዱ ደግሞ የሚለየው ሙቀትና ብርድ ነው። ስለዚህ ክረምት የሚል ቃል ባገኛችሁ ቁጥር “በዝናብ የተለየ ነው ወይስ በሙቀት?” ብላችሁ ጠይቁ። ቃሉ አንድ ነው፣ የሚለካው ሁለት።

ሦስተኛው ነጥቤ የአየር ግፊት እና ነፋስ ነው። አየር ክብደት አለው ብላችሁ ታምናላችሁ? በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህ አዳራሽ ውስጥ ያለውን አየር ሸክም አድርገን ብንሰፍረው ብዙ ሰው ተባብሮ አያነሳውም።

ጣልያናዊው ቶሪቼሊ በ1643 አንድ የመስታወት ቱቦ ሜርኩሪ ሞልቶ በሳህን ላይ ገለበጠው። ሜርኩሪው ሁሉ አልፈሰሰም። 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቆመ። ምን ያዘው? ሳህኑን ከውጭ የሚጫነው አየር። ባሮሜትር የተወለደው እንዲህ ነው። ከ5 ዓመት በኋላ የሆነው ደግሞ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ታሪክ ነው። ብሌዝ ፓስካል ፓሪስ ተቀምጦ እንዲህ አሰበ፦ ሜርኩሪውን የያዘው የአየር ክብደት ከሆነ፣ ተራራ ላይ ከበላያችን ያለው አየር ያንሳል፣ ሜርኩሪውም ዝቅ ማለት አለበት። የእህቱን ባል ፍሎሪን ፔሪዬን ለመነው። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 ፔሪዬ መሣሪያውን ይዞ ፑይ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ወጣ። ጫፍ ላይ ሜርኩሪው ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርዶ ተገኘ።

እኔን የሚማርከኝ ግን ጫፍ ላይ የሆነው አይደለም። ፔሪዬ ሁለት ቱቦ ነበረው። አንዱን ከታች በገዳሙ ቅጥር ትቶ፣ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው አደረገ። ሲመለስ ጠየቀው። የታችኛው ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ለምን ይህ አስፈለገ? ያ መነኩሴ ባይኖር አንድ ሰው “ሜርኩሪው የወረደው የቀኑ አየር ስለተለወጠ ነው” ሊል ይችል ነበር። ተራራ የወጣው ሰው ስሙ ይነሳል። ከታች ቁጭ ብሎ “አልተለወጠም” ብሎ የመዘገበው ሰው ግን ነው ማስረጃውን ማስረጃ ያደረገው።

በባሕር ወለል ላይ መደበኛ የአየር ግፊት 1013.25 ሄክቶፓስካል ነው። የመለኪያው ስም ከማን እንደመጣ አሁን ገብቷችኋል። ካርታ ላይ እኩል ግፊት ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር አይሶባር ይባላል። አየር ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ ይሄዳል፣ ያ ሂደት ነፋስ ነው። መስመሮቹ ተጠጋግተው ካያችሁ ነፋሱ ብርቱ ነው። ምድር ስለምትሽከረከር ግን ነፋሱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኝ፣ በደቡብ ወደ ግራ ይጠመዘዛል። ይህ የኮሪዮሊስ ውጤት ነው።

አቅጣጫውን ደግሞ አትሳቱ፣ ፈተና ላይ በየዓመቱ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ነው። ምዕራባዊ ነፋስ ማለት ከምዕራብ የሚመጣ ነው። ወደ ምዕራብ የሚሄድ አይደለም። ነፋስ የሚጠራው በመጣበት ነው። ፍጥነቱን በአኔሞሜትር እንለካለን። መሣሪያ የሌለው ዓይኑን ይጠቀም። አየርላንድ የተወለደው የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን ቦፎርት በ1805 ከ0 እስከ 12 የሚሄድ መለኪያ አበጀ። ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ 0 ነው። ፊታችሁ ላይ ሲሰማችሁና ቅጠል ሲንኮሻኮሽ 2። ጃንጥላ መያዝ ሲያስቸግር 6። ዛሬ ወደ ቤት ስትሄዱ ቅጠሎቹን አይታችሁ ቁጥር ስጡት።

አራተኛው ነጥቤ እርጥበት ነው። ቃል የገባሁላችሁ እዚህ ነው። እህቴ፣ ላብ አየሽ? አየሽ! ስንት ላይ? 12። አመሰግናለሁ፣ ኩባያውን ለሁሉም አሳዪ።

ይህ ውሃ ከየት መጣ? ኩባያው ቀዳዳ የለውም። ከውስጥ አልወጣም። ከዚህ አዳራሽ አየር ነው የመጣው! የማይታይ የውሃ ተን ነበር፣ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ወደ ውሃ ተመለሰ። ጤዛም ይኸው ነው። መምህሬ ሣሩ ላይ አቁመው የጠየቁን ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። ሣሩ ሌሊት እንደ ኩባያው ቀዘቀዘ።

አሁን ሰሌዳውን እዩ። አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ ሊይዝ የሚችለውን ተን ጽፌላችኋለሁ። በ10 ዲግሪ 9 ግራም ገደማ። በ12 ዲግሪ 11። በ14 ዲግሪ 12። በ20 ዲግሪ 17። በ24 ዲግሪ 22። በ25 ዲግሪ 23። በ30 ዲግሪ 30። ምን ታያላችሁ? አየሩ በሞቀ ቁጥር ለተን የሚሆነው ቦታ ይሰፋል፣ ያውም በፍጥነት።

ኩባያው በ12 ዲግሪ አላበ። ስለዚህ የአዳራሹ አየር የጤዛ ነጥብ፣ ማለትም ተኑ ወደ ውሃ መመለስ የሚጀምርበት የሙቀት መጠን፣ 12 ነው። በ12 ዲግሪ የሚሞላው አየር 11 ግራም ይይዛል። እንግዲህ በአዳራሹ አየር ውስጥ ያለው ተን 11 ግራም ነው። ግን ስንጀምር የአዳራሹ የሙቀት መጠን 24 ነበር፣ በ24 ዲግሪ 22 ግራም መያዝ ይችላል። 11 ለ22። ግማሽ! አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ። እንደ ጸሎት ደግሜው የነበረው ቃል ይኸው ነው። ያለው ተን ሊኖር ከሚችለው አንጻር ስንት እጅ ነው?

“አንጻራዊ” የሚለውን አስምሩበት። 9 ግራም ተን ያለበት አየር በ30 ዲግሪ 30 በመቶ ነው፣ ደረቅ። ያው አየር፣ ያው 9 ግራም፣ በ20 ዲግሪ ከ50 በመቶ ይበልጣል። በ10 ዲግሪ 100 በመቶ ይሆናል፣ ጤዛ ይወርዳል። አንዲት ጠብታ አልተጨመረም። የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው።

የቀሩትን ቃላት ከዚህ ተነሥታችሁ ራሳችሁ ትደርሱባቸዋላችሁ። ያ ተን ወደ ውሃ የሚመለሰው መሬት አጠገብ አየር ላይ ከሆነና ከ1 ኪሎ ሜትር በታች እንጂ ማየት ካልቻላችሁ፣ ጉም ነው። ከዜሮ በታች በቀዘቀዘ ነገር ላይ ወደ በረዶ ከተለወጠ ውርጭ። ከፍ ብሎ ሲሆን ደመና። ደመናን በስም የከፈለው እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ በ1802 ነው፣ ሥራው መድኃኒት መቀመም ነበር። ስሞቹን ከላቲን ወሰደ። ኩሙሉስ ክምር ነው፣ ስትራቱስ ንጣፍ፣ ሲሩስ የፀጉር ዘለላ። ቀና ብላችሁ ስታዩ ክምር ነው፣ ንጣፍ ነው ወይስ ዘለላ?

ዝናብ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። “10 ሚሊ ሜትር ዘነበ” ሲባል ምን ማለት ነው? ውሃው ሳይፈስ፣ ሳይተን፣ ሳይሰርግ ቢቀር መሬቱን 10 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይሸፍነው ነበር ማለት ነው። 1 ሚሊ ሜትር በ1 ካሬ ሜትር ላይ ልክ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ ያ 10 ሚሊ ሜትር በአንድ ሄክታር ላይ 100,000 ሊትር ይሆናል። ዝናብ መለኪያው ራሱ ቀላል ነው። ማንቆርቆሪያ፣ ማለትም ፈነል፣ እና ጠርሙስ። ሲነበብ ዓይን ከውሃው ጋር እኩል መሆን አለበት።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት እኔና ተማሪዎቼ አንድ ዝናብ መለኪያ ተከልን። በየጠዋቱ እየተፈራረቁ ያነቡ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ማንም አይመጣም። ሰኞ መዝገቡን ስንሞላ ለሁለቱ ቀናት 0፣ 0 ብለን እንጽፍ ነበር። እኔው ነኝ እንዲህ ጻፉ ያልኳቸው። ባዶ ቦታ መተው አሳፋሪ መሰለኝ። በዓመቱ መጨረሻ አንዲት ተማሪዬ ግራፍ ሠርታ መጣች። “መምህር፣ እዚህ ቅዳሜና እሑድ ዝናብ አይዘንብም። ሰኞ ሰኞ ግን ይበዛል” አለችኝ። ግራፉን ሳየው ክው አልኩ። የሦስት ቀን ዝናብ ነው ሰኞ ላይ የተጠራቀመው። ያ ዓመት ሙሉ ለዕለት ዝናብ ጥናት አይሆንም። መመለሻ የለውም፣ ያለፈ ዝናብ ዳግም አይለካም።

ልጆች፣ ይህን እባካችሁ ያዙልኝ። 0 ማለት “ወጥቼ ለካሁ፣ ዝናብ አልነበረም” ማለት ነው። ባዶ ቦታ ማለት “አልለካሁም” ማለት ነው። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አልለካችሁም? ባዶውን ተዉት። ባዶ ቦታ አያሳፍርም።

አምስተኛው ነጥቤ ቦታዎች ለምን እንደሚለያዩ ነው። ጊዜው እየሄደብኝ ስለሆነ ፈጠን ልበል። ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ያለው ርቀት፣ የመጀመሪያው ነው፣ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትመታለች ወይስ አዘንብላ? ሁለተኛው ከፍታ ነው። በአማካይ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኪሊማንጃሮ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 3 ዲግሪ ብቻ ርቆ፣ 5,895 ሜትር ላይ በረዶ ተሸክሞ የቆመው ለዚህ ነው። ቁጥሩን አባዙት፣ 38 ዲግሪ ይቀንስላችኋል። ሦስተኛው ከባሕር ያለው ርቀት ነው። ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል። ቬርኾያንስክ እንዲያ የሚዋዥቀው ከትልቅ ውቅያኖስ ርቆ በየብስ መሀል ስለተቀመጠ ነው።

አራተኛው ተራራ ነው። እርጥብ አየር ተራራ ሲገፋው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ኩባያውን አስታውሱ፣ ያዘንባል። በህንድ ሰሜን ምሥራቅ ያለችው ማውሲንራም በዓመት ወደ 12 ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ሜትር ነው ያልኩት! ወቅት ጠብቆ አቅጣጫውን የሚቀይረው የሞንሱን ነፋስ ከባሕር መጥቶ ኮረብቶቹን ስለሚገጭ ነው። ተራራውን ተሻግሮ የሚወርደው አየር ግን ደርቋል፣ እየወረደም ይሞቃል። ያ ወገን የዝናብ ጥላ ይባላል። በሰሜን ቺሌ ያለችው አሪካ በዓመት በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አታገኝም። የአንዲስ ተራሮች ከምሥራቅ የሚመጣውን እርጥበት ይከለክሏታል፣ ከምዕራብ ያለው ባሕር ደግሞ ቀዝቃዛ ስለሆነ አየሩ ወደ ላይ አይነሳም። ባሕር ዳር ተቀምጣ በረሃ ናት።

አሁን ወደ ኩባያችን እንመለስ። ስንጀምር 12 ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ሁሉ ሰው ሲተነፍስ ቆይቷል። የጤዛው ነጥብ ከፍ ብሏል የምትሉ? ባለበት ነው የምትሉ? እሺ፣ እንለካ። አንተ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለኸው፣ ና ሁለተኛውን ኩባያ ያዝ። ቀስ ብለህ። አትቸኩል። ላበ? ስንት? 14!

ሰሌዳውን እዩ። በ14 ዲግሪ 12 ግራም። በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ላይ 1 ግራም ያህል ተን ጨምረናል፣ በትንፋሻችንና በቆዳችን። አንጻራዊው እርጥበትስ? ቸኩላችሁ አትመልሱ። የግድግዳውን ቴርሞሜትር አንብብልን። 25 ሆኗል። እንግዲህ 12 ለ23። ወደ 52 በመቶ። ተኑ ጨመረ፣ አዳራሹም ሞቀ፣ ስለዚህ አንጻራዊው የተነቃነቀው በጥቂቱ ነው።

ጠረጴዛው ሥር ሌሎች አሥር ኩባያዎች አሉ፣ በረዶውም ይበቃል። በቡድን በቡድን ሆናችሁ ወደ ግቢው ውጡ፣ ጥላ ፈልጉ፣ የውጭውን ለኩ። መጀመሪያ ግን ግምታችሁን ጻፉ፦ ከ12 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። በሩን ክፈቱልን።